የጠመንጃ ሆድ ሲታይ፦ በአነስተኛ ዋጋ ቦርስኮፕ እንዴት ይመረጣል?

አሮጌ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እንጨቱን ነው። ሰደፉ ተሰንጥቋል ወይ? ብረቱ ዝጓል ወይ? ከዚያ መቀርቀሪያውን ያወጣና በርሜሉን ወደ መስኮት አዙሮ በአንድ ዓይኑ ያያል። ብርሃን ይታየዋል። ጠመዝማዛው ቦይ ይታየዋል። «ንጹሕ ነው» ይላል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የገዛሁት።

የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። በመኸር ወራት አጋዘን አድናለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች እዚህ ገበያ ላይ በብዛት ቀርበዋል። ውጅግራው፣ ካርካኖው፣ ቬተርሊው፣ ማውዘሩ፣ የጠየቃችሁት አለ። ውጅግራ የሚለው ቃላችን «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው የመጣው፤ ግራ የተባለው ጠመንጃ ማለት ነው። ምንሽርም ማንሊከር ከሚለው ስም ነው። በልጅነቴ በፉከራ የሰማኋቸውን ስሞች ሰው አገር፣ ዋጋ ተለጥፎባቸው ሳገኛቸው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የገዛሁት ቤልጅየም ውስጥ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የተሠራ አጭር ማውዘር ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ምልክት አለበት። እውነቱን ልናገርና ያን ምልክት ሳይ ሌላውን ሁሉ ረሳሁት።

ሻጩ «ውስጡ መስታወት ነው» ብሎኝ ነበር። ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ ወስጄ ለመተኮስ ደኅና መሆኑን አስመረመርኩ። ከዚያ ኢላማ ላይ ሞከርኩት። ጥይቱ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ያርፋል። እጄ ይሆን? ጥይቱ ይሆን? ወይስ በርሜሉ? ይህን ለማወቅ ውስጡን ማየት ነበረብኝ። ቦርስኮፕ ፍለጋ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ቦርስኮፕ ማለት በቀጭን ዘንግ ወይም ገመድ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ካሜራ ናት። ሐኪም ጨጓራ ለማየት በጉሮሮ የሚያስገባትን ኢንዶስኮፒ ካወቃችሁ ነገሩ ያው ነው። ጫፏ ላይ መብራት አለ። ምስሉ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ይወጣል።

በዓይን ማየቱ ለምን አይበቃም? በርሜልን ከጫፉ ስታዩት ግድግዳውን የምታዩት ፊት ለፊት አይደለም፤ አግድም ነው። አስፋልት በፀሐይ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ ጉድጓዱ አይታይም አይደል? ልክ እንደዚያ። ዘይት የተቀባ በርሜል ደግሞ የባሰ ያብረቀርቃል። በዚያ ላይ ዋናው ጉዳት ያለው ጥይት ከሚጎርስበት ቤት ቀጥሎ ነው። ባሩዱ ሲቀጣጠል ሙቀቱም ግፊቱም የሚበረታው እዚያ ነው። ከአፈሙዝ በኩል እዚያ ድረስ አጥርቶ የሚያይ ዓይን የለም።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። መጀመሪያ የገዛሁት የተሳሳተውን ነው። ብዙ ሰው ያንኑ ስለሚገዛ ልንገራችሁ። ለመኪና ሞተር እና ለቧንቧ ተብለው የሚሸጡ ረጅም ገመድ ያላቸው ካሜራዎች አሉ። ሃያና ሠላሳ ዶላር ነው ዋጋቸው። እኔ ያገኘሁት ጫፉ 5.5 ሚሊሜትር ነበር። የማውዘሬ በርሜል ቀዳዳ 7.9 ሚሊሜትር ነው። «እንዴት ደስ ይላል፣ ይገባል» አልኩ። በእርግጥ ገባ። ስልኩ ላይ የታየኝ ግን ጥቁር ዋሻ፣ መጨረሻው ላይ አንድ ክብ ብርሃን ነው። ካሜራው የሚያየው ወደፊት ነዋ! እኔ ማየት የምፈልገው ደግሞ ግድግዳውን ነው።

ከዕቃው ጋር አንዲት የምትሰካ መስታወት ነበረች። ጫፉ ላይ ሰካኋት። አሁን ግድግዳው ታየ፤ ግን ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ነገር ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። እንዲህ ያለው ካሜራ አጥርቶ የሚያየው ጥቂት ሴንቲሜትር ራቅ ያለ ነገር ነው። በርሜል ውስጥ ግን ግድግዳው ያለው ካሜራው አፍንጫ ሥር ነው፤ በሚሊሜትር ነው የሚቆጠረው። መጽሐፍ ዓይናችሁ ላይ ለጥፋችሁ ለማንበብ እንደመሞከር ነው። ብትፈልጉ ባለ ብዙ ሜጋፒክስል ይሁን፤ እዚያ ርቀት ላይ ካላጠራ ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የገባኝ። ለጠመንጃ የሚሆን ቦርስኮፕ ከሌላው የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጫፉ ላይ በ45 ዲግሪ የተጋደመች መስታወት አለችው፤ ካሜራው ወደፊት እያየ ምስሉ ከጎን ይመጣለታል። ሁለተኛ፣ ሌንሱ የተስተካከለው ለዚያች ለሚሊሜትሯ ርቀት ነው። ሻጭ ስለ ሜጋፒክስል ሲያወራላችሁ እናንተ ስለነዚህ ሁለቱ ጠይቁ። ከ1 ሜጋፒክስል ብዙ የማይበልጥ ካሜራ ርቀቱ ከገጠመ በርሜል ለማንበብ ይበቃል። ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር አንዳንዴ በሶፍትዌር የተለጠጠ ምስል ነው፤ ምስሉ ይተልቃል እንጂ አይጠራም።

ቀጥሎ ውፍረቱ። የጠመንጃችሁን ቀዳዳ በሚሊሜትር እወቁ። በብዛት የሚሸጡት የጠመንጃ ቦርስኮፖች ጫፋቸው 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህ ለ7.62ም ለ7.92ም በሰፊው ይገባል። የ5.56 ጠመንጃም ሆነ የተለመደው ባለ 22 ካሊበር (የቀዳዳው ስፋት በኢንች መቶኛ ሲለካ) ውስጥም ያልፋል፤ ትንሽ ጠበብ ቢልም። የመኪናው 5.5 ግን ባለ 22 ካሊበሩ ላይ መቀርቀር ነው ትርፉ። ባለ 17 ካሊበር ካላችሁ ደግሞ ቀዳዳው 4.3 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ 5 ሚሊሜትሩም አይገባም፤ ለዚያ ተብሎ የቀጠነ ሞዴል መፈለግ ግድ ነው።

ሰፊ ቀዳዳ ላይም የሚመጣ ጣጣ አለ። ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ግድግዳው ከመስታወቷ ይርቃል፤ ምስሉም ይደበዝዛል። ስለዚህ መስታወቷ የምትጠመዘዝ ወይም የምትቀየር ብትሆን ጥሩ ነው። ትንሽ ላላ፣ ትንሽ ጠበቅ እያደረጋችሁ ምስሉን ታጠራላችሁ። እኔ ማውዘሩን ሳይ መስታወቷን ግማሽ ዙር ያህል አዞራታለሁ። ያቺ ግማሽ ዙር የምታመጣው ለውጥ ይገርማል፤ ድብዝዝ ያለው ቡናማ ነገር ወዲያው የቦይ ጠርዝ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ዘንግ ወይስ ገመድ? ለእኔ ዘንግ። ቀጥ ያለው ዘንግ መዞሩን በእጃችሁ ትቆጣጠራላችሁ። ሩብ ዙር ስታዞሩት መስታወቷም ሩብ ዙር ትዞራለች። ብዙዎቹ ዘንግ ላይ እንደ ማስመሪያ ቁጥር ታትሟል። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። «ከአፈሙዙ 40ኛው ሴንቲሜትር ላይ ጉድጓድ አለ» ማለትና «መሐል አካባቢ የሆነ ነገር አየሁ» ማለት አንድ አይደለም። ገመዱ ግን ይጣመማል፤ እዚህ ስታዞሩት እዚያ ጫፉ ላይ ዘግይቶ ይዞራል፣ ወይ ጨርሶ አይዞርም። ጥቅሙ ረጅም በርሜል ላይ መድረሱና ከኋላ በኩል ለመግባት እንቅፋት ባለበት ጠመንጃ መታጠፉ ነው። የእኔ ዓይነቱ መቀርቀሪያው ተስቦ ለሚወጣ ጠመንጃ ዘንጉ ይሻላል። ስትገዙ የዘንጉን ርዝመት ከበርሜላችሁ ጋር አመዛዝኑ። የአጭሩ ማውዘር በርሜል 59 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ረጅሙ ማውዘር ግን 74 አካባቢ ይደርሳል። ዘንጉ አጭር ከሆነም ችግር የለም፤ ግማሹን ከፊት ግማሹን ከኋላ ታዩታላችሁ።

የሚሰካበትንም አትርሱ። በዩኤስቢ የሚሠራው ርካሹ ነው። ኮምፒውተር ላይ ያለ ብዙ ጣጣ ይሠራል፤ ካሜራ መሆኑን ራሱ ያውቀዋል። አንድሮይድ ስልክም አብዛኛው ይቀበለዋል፤ ስልካችሁ ኦቲጂ የሚባለውን፣ ማለትም ሌላ ዕቃ በዩኤስቢ ሲሰካበት የሚያነብበትን መንገድ፣ መደገፉን ብቻ አረጋግጡ። አሮጌ አይፎን ያለው ሰው ግን ዋይፋይ ያለውን ቢገዛ ነው የሚሻለው። ዋይፋዩ ምስሉን ትንሽ ያዘገየዋል፤ ዘንጉን በቀስታ ለሚያንቀሳቅስ ሰው አያስቸግርም። የራሳቸው ስክሪን ያላቸውም አሉ። ሜዳ ላይ ወይም ሱቅ ውስጥ ጠመንጃ ከመግዛታችሁ በፊት ለማየት ይመቻሉ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ቀድሞ ይህ ዕቃ የባለሙያ ብቻ ነበር። ኒውዮርክ፣ ሮቸስተር የሚሠራው ሆክአይ የተባለው በሌንስ ነው የሚያየው፤ ዋጋው ብዙ መቶ ዶላር ነው፤ ምስሉ ግን ዛሬም ወደር የለውም። ከዚያ ላይማን የተባለው ኩባንያ ቦርካም ብሎ ስክሪን ያለው ዲጂታል ካሜራ አወጣ፤ ዋጋው በጣም ወረደ። ገበያውን የገለበጠው ግን ቴስሎንግ ነው። ባለ ዩኤስቢ ዘንጉ 50 ዶላር አካባቢ ነው የሚሸጠው። እኔ አሁን የምጠቀመው እንዲህ ያለውን ነው። ጠመንጃ ሠሪ ካልሆናችሁ በቀር ከዚህ በላይ የምታወጡት ገንዘብ ጥይት ቢገዛበት ይሻላል ባይ ነኝ።

ከመክተታችሁ በፊት

መቀርቀሪያውን አውጡ። ጥይት የሚጎርስበት ቤት ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ጥይት ያለበትን ሣጥን ከክፍሉ አስወጡ። ቦርስኮፕ ይዤ ነው ብሎ ይህን የሚዘል ሰው እንዳትሆኑ፤ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አላውቅም።

ከዚያ በርሜሉን ወልውሉና አድርቁት። ቆሻሻ ላይ ብትከቱት መስታወቷ ወዲያው ዘይት ትቀባለች፣ ሁሉም ነገር ይጨልማል። ማጽጃ ፈሳሽ እርጥብ እያለ አትክተቱ፤ ሌንሱ የተለጠፈበትን ማጣበቂያ ሊፈታው ይችላል። ዘንጉን አትግፉት። እምቢ ካለ ምክንያት አለው። እኔ የማውቀው ሰው ከረጅም ጊዜ በኋላ ያወጣውን ጠመንጃ ሲያይ ውስጡ የቆየ የመወልወያ ጨርቅ ተቀርቅሮ አግኝቷል። ያ ጨርቅ እያለ ቢተኮስ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችል ነበር።

አንድ ነገር አደራ። ዘንጉን ስታወጡ መስታወቷ ጫፉ ላይ መኖሯን እዩ። አላልታችሁ ከነበረ ተፈታ ውስጥ ልትቀር ትችላለች። ጥፍር የምታህል ናት፤ አይሰማችሁም። በርሜል ውስጥ የቀረ ነገር ደግሞ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ጥይት ሲመጣበት አደጋ ነው።

የሚታየውን ማንበብ

ዕቃውን መግዛቱ ቀላሉ ነው። ከባዱ ያያችሁትን መረዳት ነው። መጀመሪያ ቀን የማንኛውም ሰው በርሜል ያስደነግጠዋል። አዲስ ጠመንጃም ቢሆን! አምስት ሚሊሜትር የማትሞላ ቦታ ላፕቶፕ ስክሪን ላይ ሞልታ ስትወጣ የመርፌ ጭረት የአዋሽ ሸለቆን ያህላል። ስለዚህ ተረጋጉ።

የመጀመሪያው የሚታያችሁ ጠመዝማዛው ነው። ከፍ ያለው ጀርባ፣ ዝቅ ያለው ቦይ። አረሩን እያሽከረከረ የሚልከው ይህ ነው። የማውዘሬ አራት ቦይ አለው፤ በ24 ሴንቲሜትር አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። የጀርባውን ጠርዝ ተከተሉት። ሹል ነው ወይስ እንደ ሳሙና ሟሙቷል? አፈሙዙ ጋ በተለይ እዩ። አሮጌ የወታደር ጠመንጃ ለዓመታት በብረት ዘንግ ከፊት በኩል ሲወለወል ስለኖረ ጠርዙ እዚያ ጋ ይበላል። አረሩ በርሜሉን ሲለቅ የመጨረሻ የሚነካው ያ ስለሆነ አንድ ወገን ከተበላ ኢላማው ይበላሻል።

ጀርባውን አቋርጠው የሚያልፉ ቀጫጭን መስመሮች ካያችሁ አትደንግጡ። የመሰርሰሪያው አሻራ ነው። ፋብሪካው ሲሠራው የቀረ ነው፤ ብዙ በርሜል ላይ አለ፤ ደህና ይተኩሳል።

ብርቱካናማ ቀለም የተቀባ የሚመስል ካያችሁ መዳብ ነው፤ ከአረሩ ልባስ ተፍቆ የቀረ። ይህ ይጸዳል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ስታስገቡ ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ጨርቁን የምታስሩበት ጫፍ ራሱ ናስ ከሆነ ግን ሰማያዊው ከእሱም ሊመጣ ይችላል፤ እኔ ሁለት ቀን ሙሉ «መዳቡ አያልቅም» ስል የከረምኩት ለዚህ ነው። ያኔ ነው ካሜራው ከጨርቁ ይልቅ እውነቱን የነገረኝ። ማጽጃውን ውስጡ አታሳድሩት፤ ቆይቶ ብረቱንም ይነካል።

ጥቁር፣ ደረቅ ቅርፊት ካያችሁ የባሩድ ጥላሸት ነው። ጥይት ከሚጎርስበት ቤት ጫፍ ላይ እንደ ቀለበት ይጠነክራል። በተራ ዘይት አይለቅም፤ ብሩሽና ትዕግሥት ይፈልጋል።

ከዚያ ቀጥሎ፣ ጠመዝማዛው ከሚጀምርበት ላይ፣ ብረቱ እንደ ደረቀ የሐይቅ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ካያችሁት የሙቀት ስንጥቅ ነው። ብዙ የተተኮሰ በርሜል ሁሉ አለው። ጥቂት ሴንቲሜትር ድረስ ከሆነ ዕድሜውን ነው የሚነግራችሁ። ወደፊት እየገፋ ከሄደና የጀርባው ጠርዝ ከጠፋ በርሜሉ እያበቃለት ነው።

አሁን ወደ ዝገቱ። ለእኛ አገር ጠመንጃዎች ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። የድሮ የወታደር ጥይት፣ ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው ተቀጣጣይ ፖታሲየም ክሎሬት ነበረባት። ስትቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ትተዋለች። ከገበታ ጨው ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ብረቱን ይበላል። ወታደሩ በርሜሉን በዘይት ወልውሎ «ጨረስኩ» ይላል። ጨው ግን በዘይት አይሟሟም! የሚሟሟው በውሃ ነው። ብዙ ጠመንጃ የሞተው በጦርነት ሳይሆን በዚህ ነው፤ ተተኩሶ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ ተሰቅሎ። ዛሬም አሮጌ ጥይት የምትተኩሱ ከሆነ መጀመሪያ ሙቅ ውሃ አሳልፉበት፣ ከዚያ አድርቁት፣ ዘይቱ መጨረሻ ላይ ነው።

በካሜራው ዝገት ሁለት መልክ አለው። አንዱ ላይ ላዩን ያለ ቡናማ ነው፤ ሲወለወል ይሄዳል፤ ብረቱ ፈዘዝ ያለ፣ ውርጭ የመታው መስሎ ይቀራል። እንዲህ ያለው በርሜል ብዙ ጊዜ ደህና ይተኩሳል። ሌላው ጉድጓድ ነው። የእንጀራ ዓይን ይመስላል፤ ጥቁር ጥቁር፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ። ይህ አይመለስም። ወሳኙ ጥያቄ የት ነው የሚለው ነው። ቦዩ ውስጥ ብቻ ከሆነ መዳብ ይሰበስባል እንጂ ያን ያህል አይጎዳም። ጀርባውን ከቆረጠው፣ በተለይም አፈሙዙ ጋ ከሆነ፣ ያኔ አስቡበት።

ቦርስኮፕ የማይነግራችሁም አለ። መቀርቀሪያውና የጥይቱ ቤት ተገጣጥመዋል ወይ፣ በርሜሉ ሰፍቷል ወይ፣ እንጨቱ በርሜሉን እየተጫነው ነው ወይ፣ እነዚህ በካሜራ አይታዩም። አሮጌ ጠመንጃ ከመተኮሳችሁ በፊት ጠመንጃ ሠሪ በመለኪያ ይየውላችሁ። ደግሞም የመጨረሻው ዳኛ ኢላማው ነው። ካሜራ ላይ አስቀያሚ ሆኖ አምስት ጥይት በአንድ ሳንቲም ላይ የሚያሳርፍ በርሜል አለ።

የእኔውስ? መጀመሪያ ስከት የታየኝ ከዳር እስከ ዳር ብርቱካናማና ጥቁር ብቻ ነበር፤ ብረቱ ራሱ አይታይም። ሻጩ ያየው መስታወት የዘይት መስታወት ነው። አራት ምሽት ወለወልኩት። ከሥሩ ሲወጣ ጀርባው ከአፈሙዙ እስከ መሐል ሹል ነው። ጉድጓዶቹ ከ40ኛው ሴንቲሜትር በኋላ ይጀምራሉ፤ አብዛኞቹ ቦዩ ውስጥ ናቸው። አንዷ ግን ጀርባው ላይ ወጥታለች፤ የጤፍ ፍሬ ታህላለች። ኢላማው ላይ ጥይቱ ተሰበሰበ፤ እንደ አዲስ ጠመንጃ ባይሆንም ለአጋዘን በሚበቃ መጠን።

አሁን በየ20 ጥይቱ ዘንጉን ያቺ ቦታ ድረስ አስገባለሁ፣ ቁጥሩን አያለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ቀኑን ጽፌ አስቀምጣለሁ። እስካሁን ሰባት ፎቶ አለኝ። ያቺ ጤፍ የምታህል ጉድጓድ በሰባቱም ላይ አንድ ዓይነት ናት።